ጠዋት የሚጮህ ፋን ክላች ሁሉ አልሞተም

ኅዳርና ታህሳስ በመጣ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «መምህር፣ መኪናው ጠዋት ሲነሳ እንደ አውሮፕላን ይጮሃል፤ ጋራዥ ስወስደው ፋን ክላቹ ሞቷል አሉኝ፤ ልቀይረው?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ጩኸቱ በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚጠፋ ከሆነ አትቀይሩ! የሞተ ነገር የለም።

ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ግን ባጭሩ ላስረዳ። ቪስከስ ክላች ውስጥ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለ። ዘይቱ ሁለት ክፍል አለው፦ ማረፊያና መሥሪያ። ፊት ለፊት ያለችው ጥቅልል ብረት በራዲያተሩ አልፎ የሚመጣው አየር ሲሞቅ በር ትከፍታለች፤ ዘይቱ ወደ መሥሪያው ይገባና ፋኑን ከሞተሩ ጋር ይይዘዋል። ሲቀዘቅዝ በሩ ይዘጋል፣ ዘይቱ እየተገፋ ወደ ማረፊያው ይመለሳል፣ ፋኑም ይንሸራተታል። ሞተር ስታጠፉ ግን የሚገፋው የለም። ዘይቱ በራሱ ክብደት ወደ መሥሪያው ይፈሳል። መኪናው ደብረ ብርሃን አድሮ፣ ያውም በታህሳስ ውርጭ፣ ዘይቱ ይበልጥ ወፍሮ ይጠብቃችኋል። ስታስነሱት ፋኑ ተይዞ ይዞራል፤ ያ ነው ጩኸቱ። ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ታገሱት።

እኔን የሚያናድደኝ ይህን ሳያውቅ የሚፈርደው መካኒክ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋቢና ሳያነሳ፣ በእጁ ምንም ሳይነካ «በቃ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ይላል። ሾፌሩ ስንት ምልልስ የሠራበትን ገንዘብ አውጥቶ ይገዛል። በነጋታው አዲሱም ይጮሃል! ያኔ ደግሞ «ኮፒ ነው የሸጡልህ» ይባላል። ምስኪን ባለሱቅ።

ከዚህ የሚብሰው «ዳይሬክት አድርገው» የሚባለው ነው። ክላቹን በብሎን አስሮ ወይም በይዶ ፋኑን ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር ማዞር። የፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚበላው ጉልበት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ ስምንት እጥፍ ነው። ያ ጉልበት የሚወጣው ከናፍጣችሁ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ በብርድም፣ ባዶ ስትመለሱም፣ ቀኑን ሙሉ። ክላቹ ፋኑን ከልክ በላይ ፍጥነት ይጠብቀው ነበር፤ አሁን ግን ቺንጋውና ኩሽኔታው ይሸከሙታል፣ ክንፉ የተሰነጠቀ ከሆነም ራዲያተሩን ይዞ ይሄዳል።

«እኔ ጅቡቲ ነው የምሠራው፣ የአፋርን ሙቀት አታውቀውም» የምትሉ አላችሁ። ጤነኛ ክላች በዚያ ሙቀት ሳትነግሩት ራሱ ይይዛል፤ ሥራው ይኸው ነው። ይዞም ሞተሩ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩን አጽዱት እንጂ ክላቹን አትበይዱት። እርግጥ አንዳንዱ ክላች ላይ ፋብሪካው ራሱ ለመንገድ ላይ ችግር የማሰሪያ ብሎን ቦታ ሠርቶለታል። እሱ ጋራዥ እስክትደርሱ ነው፣ ለዓመት አይደለም።

በንፋስ የሚሠራም አለ። አንዳንዱ ስፕሪንግ የሚይዘው፣ ንፋስ የሚለቀው ነው፤ ጋኑ ባዶ ሆኖ ካደረ ንፋስ እስኪሞላ ይጮሃል። በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽቦው ሲቋረጥ ለጥንቃቄ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። አይጥ ለበላው ሽቦ ክላች አይገዛም፣ ሽቦውን ፈትሹ።

የሞተውን መለየት ከባድ አይደለም። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ከዚያ ፋኑን በእጅ ያዙት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወላገድ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ክላቹ ፊት ላይ ዘይት ተረጭቶ አቧራ ከያዘ ዘይቱ እየወጣ ነው። ሞተሩ ሳይግል ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ከሆነም ጥርጣሬ ያዙ።

እኔ የምፈራው ግን ዝም የሚለውን ነው። ጭነት ይዛችሁ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጡ መኪናው ይንፏቀቃል፣ ከፊት የሚገባ ንፋስ የለም፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ነው። የሙቀት ጌጁ ሽቅብ ሲወጣ ፋኑ መጮህ አለበት። ካልጮኸ ዳር ያዙና ቁሙ፤ ቴስታታው ከተጣመመ የክላቹ ዋጋ ምንም ነው። ጠዋት በጩኸቱ የተማረረው ሾፌር እዚህ ዝምታው ደስ ብሎት ሲነዳ ነው ሞተር የሚቃጠለው።

ጋራዥ የከፈታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በብርድ ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ። ሞተሩ ሞቆ እንደገና አድምጡ፣ ባለመኪናው ቢቸኩልም። የምር አልቆ መቀየር ካለበት ደግሞ ሱቅ ስትሄዱ ክላቹ መደርደሪያው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እዩ፤ ተኝቶ የከረመ ዘይቱ ወደ ኩሽኔታው ሊወርድ ይችላል። መኪና ላይ እንደሚገጠመው ቆሞ የተቀመጠውን አውርዱልኝ በሉ።