ስለ ሰው እምነት ባለቤቱን እንጠይቅ

ባለፈው ወር በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከጓደኞቻችን አንዱ በኢሉባቦር ገጠር ዋቄፈናን የሚከተሉትን ሰዎች «ዛፍ አምላኪዎች» ብሎ ጠራቸው። ከየት እንዳገኘው ስንጠይቀው «ከመጽሐፍ» አለ፤ ከባለ እምነቶቹ አንዱን እንኳ አነጋግሮ አያውቅም። እኔ የመቱ ልጅ ስለ ሆንሁ ነገሩ ከነከነኝ፤ ይህን አስተያየት የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ዋቄፈታዎቹ ራሳቸው የሚሉት ሌላ ነው። ዋቃ አንድ ነው፤ ሁሉን የፈጠረ ነው። ኦዳ የሚከበረው ሽማግሌዎች ከጥላው ሥር ስለሚመክሩና ስለሚመርቁ እንጂ ፈጣሪ ስለ ሆነ አይደለም። በኢሬቻ ቀን እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ውሃ የሚወርዱት ክረምቱን ላሻገረና ምድሩን ላለመለመ ዋቃ ምስጋና ለማቅረብ ነው፤ ለውሃው ለመስገድ አይደለም። ቃሉንም እኛ በአማርኛ «ጠንቋይ» እያልን እንተረጕመዋለን፤ ለእነርሱ ግን ሥርዓታቸውን የሚመራ፣ የሚመርቅ የሃይማኖት አባት ነው። ደግሞም «ሰፉ» የሚሉት አለ፤ ለታላቅም ለታናሽም፣ ለእንስሳም ለምድርም የሚገባውን ክብር መስጠት ማለት ነው። ይህን ቃል የሰማሁት ከሴት አያቴ ነው። አያቴ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ነገር ግን ልጅ ሳለሁ ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ ስጥል አይታ የተቈጣችኝ በዚሁ ቃል ነበር። በትምህርት ቤት መጽሐፎቼ ግን አንድም ቀን አላገኘሁትም።

የአገራችን ታሪክ ለዚህ ምስክር አለው። አናሲሞስ ነሲብ ከመቱ በማይርቀው በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጡ፤ በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነጻ ወጡ። በ1899 እ.ኤ.አ. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ሲታተም ለእግዚአብሔር ከውጭ አዲስ ስም አላመጡም፤ አባቶቻቸው ይጸልዩበት የነበረውን «ዋቃዮ» የሚለውን ስም ወሰዱ። አብረዋቸው የሠሩት አስቴር ጋኖም የሕዝቡን ተረትና ምሳሌ ከቃል ወደ ጽሑፍ አምጥተው በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የንባብ መጽሐፍ እንዲወጣ አድርገዋል። ሁለቱም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሆኖም የሕዝቡን ቃል ከሕዝቡ አፍ ተቀበሉ።

በእኛስ ላይ ይኸው ነገር አልደረሰምን? ብዙ የውጭ አገር መጻሕፍት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን «ሞኖፊዚት» ብለው ከአውጣኪ ጋር ሲቈጥሯት ኖረዋል፤ እርስዋ ግን አውጣኪን ታወግዛለች፤ ስምዋም ተዋሕዶ ነው። ሙስሊሞችን «መሐመዳውያን» አሏቸው፤ እነርሱ ግን የሚያመልኩት አላህን ብቻ ነው። በሩቅ ምሥራቅም እንዲሁ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ ሊቃውንት ብዙዎቹ የቡድሃን ሃይማኖት «ሰው መጥፋትን የሚመኝበት ትምህርት» ብለው ጻፉበት። በ1893 እ.ኤ.አ. በቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ የሴይሎኑ አናጋሪካ ዳርማፓላ ተነሥተው ስለ ሃይማኖታቸው በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋልፖላ ራሁላ የተባሉ የዚያው አገር መነኵሴ ቡድሃ ያስተማረውን ለውጭ አንባቢ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጡ። ዛሬ ቡድሃን ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ከእንዲህ ያለው መጽሐፍ ይጀምራል።

«ባለቤት የራሱን ጕድፍ አያይም» የሚለኝ ይኖራል። ይህ ውሸት አይደለም፤ እኔም የውጭ ሰው ዝም ይበል አላልሁም። አባ ላምበርት ባርቴልስ የተባሉ የሆላንድ ካቶሊካዊ ካህን በምዕራብ ወለጋ ኖረው፣ ሽማግሌዎቹ የነገሯቸውን እየመዘገቡ ስለ ኦሮሞ ሃይማኖት በ1983 እ.ኤ.አ. ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። የውጭ ሰው ነበሩ፤ ግን ጠየቁ፤ አዳመጡ። መንቀፍ የሚፈልግም ይንቀፍ፤ አስቀድሞ ግን ባለቤቱ «አዎን፤ የማምነው ይህንኑ ነው» እስኪለው ድረስ ነገሩን ይወቅ። ይህን ሳያደርግ የሚነቅፍ የሚታገለው ከራሱ ሐሳብ ጋር ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በክረምት ዕረፍት ወደ መቱ፣ ወደ ጎሬ፣ ወደ ሁሩሙና ወደ ያዮ የምንመለስ ጥቂቶች አይደለንም። ነገሩን ጠንቅቀው የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ነው፤ ከእነርሱ ጋር የሚቀበረውን የትኛውም ቤተ መጻሕፍት አይመልስልንም። ስለዚህ ደብተር ይዘን አጠገባቸው እንቀመጥ፤ «ይህን ስታደርጉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጻፍ። ያ ጓደኛችንም በሚመጣው ክረምት ከእኔ ጋር መቱ ድረስ መጥቶ ሽማግሌዎቹን ራሱ ሊጠይቃቸው ተስማምቷል።