የተውሶ ቁጣ

«ድራጎንስ ዶግማ 2»ን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይጫወት የሰደበ እስቲ እጁን ያውጣ! ከገርጂ እስከ አያት ባሉት ካፌዎች ይህን ብጠይቅ፣ የማይነሳው ማኪያቶ የያዘው እጅ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ሌላኛው እጅ ባዶ ነው።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን «ድራጎንስ ዶግማ» እ.ኤ.አ. በ2012 አወጣ። ልቡን ዘንዶ የነጠቀው ሰው ሦስት ተከታዮች አስከትሎ ዘንዶውን ፍለጋ የሚንከራተትበት፣ ግዙፍ አውሬ ላይ ተንጠላጥሎ የሚዋጋበት የምናብ ዓለም ጨዋታ ነው። ብዙ ሰው ልብ ሳይለው አለፈ፤ የወደዱት ግን የሙጥኝ አሉት። ሁለተኛው ክፍል መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲወጣ ሐያሲዎች ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት። በዚያው ቀን ስቲም ላይ የገዙት ተጫዋቾች አስተያየት ግን በአብዛኛው እርግማን ነበር። ከተማ ውስጥ ሲገባ ጉልበተኛ ኮምፒውተር እንኳ ያንቃል አሉ። 70 ዶላር ከከፈልን በኋላ ጥቃቅን ዕቃዎች በተጨማሪ ዶላር ይሸጡልናል አሉ። አንድ ሴቭ ብቻ ነው ያለው፣ ጀምረነው ካልጣመን እንደገና «ሀ» ብለን የምንጀምርበት ምርጫ እንኳ የለም አሉ። ካፕኮም ይቅርታ ጠየቀ፤ በቀናት ውስጥም አዲስ ጨዋታ የመጀመር ምርጫውን ጨመረ።

እኛ ጋ የደረሰው ይህ ቁጣ ነው፤ ጨዋታው አልደረሰም። አብሮን የሚጽፍ አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ስለ ተከታታይ ክፍሎች ስናወራ «እሱማ ተጫዋቹ ራሱ የጣለው ጨዋታ ነው፣ ሕዝብ ፈርዶበታል» ብሎ ዘጋኝ። የትኛው ሕዝብ? አንተ ስንት ሰዓት ተጫወትከው? ዩቲዩብ ላይ አንድ አሜሪካዊ ለሃያ ደቂቃ ሲጮህ አይቷል፤ አለቀ። ጋዜጠኝነት ስማር በመጀመሪያው ሴሚስተር የተነገረን ነገር ቢኖር «ያየ ነው ወይስ የሰማ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ የሚለው ነው። ወዳጄ የሰማ ነው። የሰማ ሰው ደግሞ ካየው ይልቅ ድምፁ ይጎላል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«ታዲያ አስተያየት ለመስጠት 70 ዶላር መክፈል ግዴታ ነው?» የምትሉኝ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በፍጹም ግዴታ አይደለም! ጨዋታው በወጣበት ወር ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ ወደ 4,000 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዶላር 100 ብርን አለፈ፤ ያው 70 ዶላር ከ7,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ከፍሎ ገና መጫወቻ ማሽኑን ያልገዛ ሰው «ዋጋው አይቀመስም» ቢል እኔ ከጎኑ ነኝ። ስለ ዋጋው መናገር መጫወት አይጠይቅም። «ውጊያው ይሰለቻል፣ ዓለሙ ባዶ ነው» ማለት ግን ይጠይቃል። እኔ የምጣላው ከሁለተኛው ጋር ነው።

ሌላም አለ። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ስትከፍቱ አገር ምረጡ ይላል፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ አለች። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ የቦሌ ልጅ በሙሉ እዚያ መዝገብ ላይ አሜሪካዊ ወይም የዱባይ ነዋሪ ነው። ዱባይ ያለ ዘመድ በገዛው የስጦታ ካርድ ጨዋታ ሲገዛ እንኳ ገዢ ሆኖ የሚቆጠረው እንደ ኢትዮጵያዊ አይደለም። የተሰበረ ቅጂ የጫነው ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠርም፤ ስቲም ላይ አስተያየት የሚጽፈው የጨዋታው ባለቤት የሆነ ብቻ ነውና።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2»ን በኮምፒውተር የሚጫወት ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት ይክፈት ብሎ አዘዘ። ኔትወርኩ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጨዋታው ከስቲም ሽያጭ ወረደ። ኢትዮጵያ ደግሞ ኔትወርኩ የሌለባት አገር ናት። ተጫዋቾች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አሉታዊ አስተያየት ሲያዘንቡበት ሶኒ በቀናት ውስጥ ትዕዛዙን አጠፈ። ይህ እኛን በቀጥታ የነካ ጉዳይ ነበር። በእኛ ሠፈር ስለሱ ሲቆጣ የሰማሁት ሰው ግን አንድም የለም። ስለ «ድራጎንስ ዶግማ 2» የፍሬም ብዛት ግን ሁሉም ኢንጂነር ሆኖ ነበር። የማይመለከተንን ቁጣ ተውሰን የሚመለከተንን ሲያልፍ ዝም፤ ይሄ ነው የሚያበሳጨኝ።

እሺ፣ የራሳችን አስተያየት ቢኖረን ምን ይመስል ነበር? እኔ የአንድ ዘመዴ ቤት ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ከአርባ ሰዓት በላይ ተጫውቼዋለሁ፤ የኔን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሴቩ። ውጭ ያሉት «አንድ ብቻ» ብለው አለቀሱ። ጨዋታው ግን በየጥቂቱ ራሱ እየመዘገበ ይሄዳል። መብራት እንደሚሄድበት አገር ልጅ ስፈርድ ይህ በረከት ነው! በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን መመዝገቢያ ቦታው ጋ ሳይደርስ መብራት ሄዶበት የሁለት ሰዓት ድካም የቀለጠበት ሰው ይገባዋል። በሌላ በኩል ለፕሌይስቴሽን ቤት አንድ ሴቭ መርዝ ነው። ባለቤቱ ለየደንበኛው አካውንት ካልከፈተ፣ ጠዋት የመጣው ልጅ የጀመረውን ጉዞ ከሰዓት የመጣው ይቀጥልበታል፤ ወይ ያጠፋዋል። ይህን ቅሬታ አንድም የውጭ ተጫዋች ሲያነሳ አላየሁም። ከየት ያውቀዋል?

ሁለተኛ፣ መንገዱ። እዚህ ጨዋታ ውስጥ በቅጽበት ከቦታ ቦታ የሚያዘልለው ድንጋይ ውድና ብርቅ ነው፤ በእግር ነው የሚኬደው። ዳይሬክተሩ ሂዴያኪ ኢትሱኖ ይህን ያደረገው አውቆ ነው፤ መንገድ የሚሰለቸው ጨዋታው ራሱ ሲሰለች ነው ባይ ነው። ውጭ ብዙዎች ረገሙት። እኔ ግን ከአያት መገናኛ በታክሲ የምመላለስ ሰው ነኝ፤ ርቀት የጉዞው አካል መሆኑን ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም። በበሬ በሚጎተተው ጋሪ ተሳፍራችሁ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋችሁ ጎብሊኖች ጋሪውን ከበው ይቀሰቅሷችኋል፤ ጋሪው ከተሰበረ የቀረው በእግር ነው። ጎማ የፈነዳበት ሚኒባስ ውስጥ ያልነበረ ማን አለ? እስቃለሁ፣ ወርጄ እዋጋለሁ፣ እሄዳለሁ።

ሦስተኛው የዘንዶ ወረርሽኝ የሚሉት ነው። ከተከታዮቻችሁ አንዱ ሲያዝ ትዕዛዝ አልሰማ ይላል፣ ራሱን ይይዛል። ምልክቱን ንቃችሁ ማደሪያ ቤት ከተኛችሁ ሌሊት ይለወጥና የከተማውን ሰው ይጨርሳል። ነጋዴው፣ ሥራ የሰጣችሁ ሰውዬ፣ ሁሉም። አንድ ሴቭ ስለሆነ ደግሞ ወደ ኋላ የለም። እንዲህ የሚያስፈራ ነገር በጨዋታ ውስጥ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ተከታይ ዓይን ዓይኑን ነው የማየው። ጩኸቱ ሲበዛ ካፕኮም ወረርሽኙ ቶሎ ቶሎ እንዳይዝ፣ ምልክቱም ጎልቶ እንዲታይ አደረገው። በእኔ እምነት አበላሸው። እነሆ የጩኸት ፍሬ!

ካፕኮምን ነጻ እያወጣሁ አይደለም። ቬርንወርዝ የምትባለው ከተማ ውስጥ ምስሉ እንደ ደከመ ኔትወርክ የሚንተፋተፍ ጨዋታ በሙሉ ዋጋ መሸጥ ድፍረት ነው። መልክ መቀየሪያ መጽሐፉን በዶላር መቸርቸርም እንደዚያው፤ ጨዋታው ውስጥ ይገኛል ብለው ሲከላከሉ ደግሞ ይብሳል፣ ከተገኘ ለምን ትሸጡታላችሁ? ታሪኩም ሲጀምር እንዳማረበት አይጨርስም። ይህን ሁሉ ስል ግን አይቼ ነው።

እና የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ነገሬ ከእናንተም ጋር ነው። አምስቱንም ቴሌቪዥን ለፊፋ (ስሙ ከተቀየረ ቆየ፣ ማንም ግን በአዲሱ አይጠራውም) መድባችሁ፣ ተሸናፊ ይከፍላል እያላችሁ፣ ስልሳ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ የት ይጫወቱት? ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት መጫወቻ ስላጡም ነው። አንዱን ማሽን ጥግ ላይ አድርጉት፣ በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት አስከፍሉበት፣ ለየደንበኛው አካውንት ክፈቱ። ዲስክ ከሆነ በግማሽ ዋጋ ያገለገለ ይገኛል። «ሴት ምን አገባት» የሚለውን ደንበኛችሁን ዝም ካሰኛችሁልኝ የመጀመሪያዋ ተሰላፊ እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፊፋው ሳይሞቅ።