ተናግሮ ያልታመነውስ? የላሉ መጋጠሚያዎችና በራጅ የማይታየው ሕመም

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ምክሩ መልካም ነው፤ የታመመ ሰው ሕመሙን እንዲናገር ያበረታታል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ያልፋል። ሕመሙን ሳይሸሽግ ተናግሮ ያልታመነውስ? ይህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ነው። ካላመኑት ሰዎች አንዱ እኔ ስለ ነበርሁ፣ ጽሑፉ በከፊል ኑዛዜ ነው ቢባል አልቃወምም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንደኛ ዓመት የመካኒክስ ፈተና ሳርም አንድ ወረቀት እጄ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በሚገባ ተሠርተዋል፤ በሦስተኛው ላይ ጽሕፈቱ ይጣመማል፤ አራተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ አምስተኛው ባዶ ነው። ተማሪዋን ጠርቼ ምክንያቱን ጠየቅኋት። «መምህር፣ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጣቶቼ ብዕሩን መያዝ እምቢ ስላሉኝ ነው» አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፤ ራጅ ተነሥታለች፤ ምንም አልተገኘባትም። እኔም «ራጁ ንጹሕ ከሆነ ችግሩ የልምምድ ማነስ ነው፤ በርትተሽ ጻፊ» ብዬ አሰናበትኋት። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው፣ ይህን ያልሁት ሰው ራሴ ከዚያው ችግር ጋር የምኖር መሆኔ ነው። ልጅ ሳለሁ አውራ ጣቴን አጥፌ ክንዴ ላይ ማስተኛት እችል ስለ ነበር የሰፈር ልጆች «አጥንት የለውም» እያሉ ያደንቁኝ ነበር። ቁርጭምጭሚቴ በየጊዜው ወለም ይላል፤ ወጌሻ ዘንድ እወሰዳለሁ፤ እታሻለሁ፤ ድኜ እመለሳለሁ፤ ከወር በኋላ ያው ነው። ማስተማር ስጀምር ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ጽፌ በዋልሁ ቁጥር የትከሻዬ ሕመም ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኝ ጀመር። አንዱ ዘመድ «ብርድ ነው» አለ፤ ሌላው «ሪህ ነው» አለ፤ ራጁ ምንም የለም አለ። የችግሩን ስም የሰማሁት ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርሁበት ጊዜ ነው። በቤተ ሙከራ ብሎን ሳጠብቅ ትከሻዬ ከቦታው ተንሸራትቶ ተመለሰ። ያየኝ ሐኪም ሌላ ምስል ከማዘዙ በፊት ጣቶቼን፣ ክርኖቼንና ጉልበቶቼን እያጠፈ በማዕዘን መለኪያ ለካ። ከዘጠኝ ሰባት አገኘሁ። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ከፍተኛ ውጤቶች ደስ ያላሰኘኝ እርሱ ብቻ ነው።

ዘጠኙ ነጥቦች

መጋጠሚያ ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ ከተለመደው ወሰን አልፎ የሚታጠፍ ከሆነ መጋጠሚያው ላልቷል እንላለን። መላላቱን ለመለካት ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘዴ በፒተር ቤይተን ስም ይጠራል። ቤይተንና ባልደረቦቹ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1973 ይፋ ያደረጉት በደቡብ አፍሪካ በጽዋና ማኅበረሰብ ላይ ባካሄዱት ጥናት ነው። ውድ መሣሪያ አይሻም። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ በላይ ከታጠፈች፣ አውራ ጣት የክንድን ውስጠኛ ገጽ ከነካ፣ ክርን ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ከተቀለበሰ፣ ጉልበትም እንዲሁ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ በግራ አንድ በቀኝ አንድ ነጥብ ይያዛል፤ ድምሩ 8 ነው። ጉልበትን ሳያጥፉ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን መዳፎች መሬት ላይ ማሳረፍ 9ኛውን ነጥብ ያስገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት መላላቱ መላ አካልን የሚመለከት ነው የሚባለው፣ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ባልደረሱ ልጆች ቢያንስ 6፣ ከዚያ በኋላ እስከ 50 ዓመት 5፣ ከ50 ዓመት በላይ 4 ነጥብ ሲገኝ ነው።

ነጥብ ማግኘት ብቻውን በሽታ አይደለም። የመጋጠሚያ መላላት በሕፃናትና በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ሕመም ይኖራሉ። ለዳንሰኛና ለጂምናስቲክ ስፖርተኛ እንዲያውም በረከት ነው። ለአንዳንዶች ግን መወላለቅ፣ ድካምና የማይለቅ ሕመም ይከተላል። ከዚህ ጋር የተያያዙት የታወቁ ሕመሞች፣ እ.ኤ.አ. በ1901 እና በ1908 ስለ ጉዳዩ በጻፉት በዴንማርካዊው ኤድቫርድ ኤለርስና በፈረንሳዊው ሐኪም ዳንሎስ ስም ይጠራሉ። የ2017ቱ መስፈርት ሕመሙን በ13 ዓይነት ከፍሎታል። የሚያስደንቀው፣ ከሁሉም በብዛት የሚታየውና መጋጠሚያን የሚያላላው ዓይነት የዘር መነሻው እስካሁን በእርግጠኝነት ተለይቶ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ በደም ምርመራ አይረጋገጥም። ሐኪሙ ታማሚውን መዳሰስ፣ ማጠፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዳመጥ ይኖርበታል።

ድንኳኑና ገመዶቹ

ሕመሙ ከየት ይመጣል? የሠርግ ድንኳን ሲተከል ያያችሁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ድንኳኑን የሚያቆመው ምሰሶ ብቻ አይደለም፤ በየአቅጣጫው ተወጥረው ካስማ ላይ የታሰሩት ገመዶች ጭምር ናቸው። በአካላችን ምሰሶው አጥንት፣ ገመዱ ጅማት ነው። ጅማት የሚሠራው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ሲጎተት መጀመሪያ የተኮማተሩት ጭረቶቹ ይዘረጋሉ፤ ይህም በግምት እስከ 2 በመቶ መርዘም ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ጠንካራ ገመድ ይወጠራል፤ ከ4 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጥቃቅን መበጠስ ይጀምራል። ጅማታቸው የላላ ሰዎች ገመዳቸው ስለሚለሰልስ ምሰሶው ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳል።

ገመዱ ላላ ማለት ድንኳኑ ይወድቃል ማለት አይደለም። ሰዎች ተሰልፈው ገመዱን በእጃቸው ይዘው ሊያቆሙት ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች ጡንቻዎቻችን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ማኖሃር ፓንጃቢ የተባሉ የባዮሜካኒክስ ተመራማሪ፣ የአከርካሪ አጥንት ጸንቶ የሚቆመው በሦስት ነገሮች ትብብር መሆኑን አስረድተዋል፤ እነርሱም አጥንትና ጅማት፣ ጡንቻ፣ እንዲሁም ጡንቻውን የሚያዝዘው የነርቭ ሥርዓት ናቸው። አንዱ ሲደክም የቀሩት ሸክሙን ይጋራሉ። ሸክሙም ቀላል አይደለም። ክርናችሁን በ90 ዲግሪ አጥፋችሁ 5 ኪሎ ግራም ዕቃ ብትይዙ፣ ክብደቱ ወደ 50 ኒውተን ይጠጋል። ዕቃው ከክርን 35 ሳንቲ ሜትር፣ ጡንቻው የሚጎትትበት ነጥብ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በመፈንቅል ሕግ መሠረት ጡንቻው 350 ኒውተን መሳብ አለበት፤ የዕቃውን ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የጅማትን ሥራ ደርቡበት። የሌላው ሰው ጡንቻ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ቆሞ ታክሲ ሲጠብቅ ወይም ብዕር ይዞ ሲያስብ፣ የእነዚህ ሰዎች ጡንቻ ገመድ እንደ ያዘ ነው።

በዚህ ላይ መጋጠሚያው የት እንዳለ ለአንጎል የሚነግረው ስሜት በብዙዎቹ ላይ ደከም ያለ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው የጉልበታቸውን ማዕዘን በትክክል ለማወቅ ይቸገራሉ። ስለዚህ ጉልበታቸው ወደ ኋላ ተቀልብሶ ሳያውቁት ይቆማሉ፤ ብዕሩን ከሚገባው በላይ ያንቃሉ። ሕመሙ ከተደጋገመ ደግሞ የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ እየነቃ ስለሚሄድ ትንሹ ጫና እንደ ትልቅ ይሰማል።

ራጅ ምን ይለካል?

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። በቤተ ሙከራ የምታውቁትን ሞላ፣ ስፕሪንግ የምንለውን አስቡ። የሞላውን ፎቶግራፍ ባሳያችሁ በምን ያህል ኃይል ምን ያህል እንደሚረዝም ልትነግሩኝ ትችላላችሁን? አትችሉም። ክብደት አንጠልጥላችሁ መለካት ይኖርባችኋል። ራጅም ነፋስ በሌለበት ቀን የተነሣ የድንኳን ፎቶግራፍ ነው። ምሰሶው አለመሰበሩን በትክክል ያሳያል፤ ገመዱ መላላቱን ግን አይናገርም። «አጥንቱ ተሰብሯልን?» ለሚለው ጥያቄ «አልተሰበረም» ብሎ መመለሱ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ከዚያ ተነሥቶ «እንግዲያውስ አያምህም» የሚለው ሰው ነው። ይህ የሕክምና ስሕተት ብቻ አይደለም፤ የሳይንስ ስሕተት ነው። መሣሪያው ሊለካው ያልተሠራበትን ነገር አላገኘም ተብሎ ነገሩ የለም አይባልም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፣ አመመኝ የሚል ሰው ቃል መከበር እንዳለበት አስፍሯል።

«ታዲያ አመመኝ ያለውን ሁሉ እንመን ነውን? ፈተና የሚሸሽ ስንት አለ!» የሚለኝ ባልደረባ አይጠፋም። ሂሳቡን እናስላ። ያልታመመን ሰው አምነን ብንታለል የምናጣው ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ የፈተና ጊዜ ነው። የታመመን ሰው ሳናምን ብንቀር ግን የሚጠፋው የአንድ ተማሪ ዓመት፣ ምናልባትም ተማሪው በራሱ ላይ ያለው እምነት ነው። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይመዝኑም።

ከሕመሙ ጋር መኖር

ይህን ጅማት የሚያጠብቅ መድኃኒት የለም። ገመዱን የሚይዙትን ሰዎች ማበርታት ግን ይቻላል። በመጋጠሚያው ዙሪያ ያሉትን ጡንቻዎች በዝግታ፣ በትንሽ ክብደት፣ መጋጠሚያውን እስከ መጨረሻው ሳያጥፉ ማጠንከር ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና ነው፤ ውጤቱም የሚታየው ከሳምንታት ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማግኘት የቻለ ቢያማክር ይመረጣል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት እነዚህን ባለሙያዎች ያሠለጥናሉ። «ሰውነቴ ተያዘብኝ» ብሎ ከወሰን በላይ መለጠጥ ግን የላላውን ገመድ ይብሱን ማርዘም ነው። አውራ ጣትን ክንድ ላይ አስተኝቶ ጓደኛን ማስደነቅም እንዲሁ።

ሁለተኛው ልክን ማወቅ ነው። እኔ ለብዙ ዓመታት ደኅና በሆንሁበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ እሠራና ሦስት ቀን እተኛ ነበር። አሁን የማርፈው ሲያመኝ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ከጻፍሁ አምስት ደቂቃ እጄን አሳርፋለሁ። በዚህ መንገድ በሳምንት የምሠራው ከቀድሞው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሙሉ ዕረፍትም መፍትሔ አይደለም፤ ያልሠራ ጡንቻ ይከሳልና። ወፍራም ብዕር፣ በሁለቱም ትከሻ የሚያዝ ቦርሳ፣ ሲቆሙ ጉልበትን ላላ ማድረግ፣ በቂ እንቅልፍ፤ እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ተደምረው ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ።

ስለ መድኃኒትና ስለ ወጌሻ አንድ ቃል ልጨምር። ዳይክሎፌናክን የመሰሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የወጌሻን ሙያ አከብራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ባለዕዳቸው ነኝ። ነገር ግን ያልወለቀን፣ በተፈጥሮው የላላን መጋጠሚያ በኃይል ደጋግሞ መጎተት አይጠቅመውም። በመጨረሻም፣ ቆዳው ሥሥ ሆኖ በትንሹ የሚበልዝ፣ በቤተሰቡ ውስጥ በደም ሥር መፈንዳት በድንገት የሞተ ሰው ያለበት፣ ወይም መጋጠሚያው በየጊዜው የሚወልቅበት ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ማማከር አለበት።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ካሰናበትኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ በቤተ ሙከራ ክብደት ስታነሣ አየኋት። ጉልበቶቿ ወደ ኋላ እንደ ቀስት ተቀልብሰዋል፤ የያዘችበት የጣቷ መጋጠሚያም ወደ ውስጥ ሰጥሟል። ሰባት ነጥብ ያገኘሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስለ ራሴም ነገርኋት። ዝም ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ «ታዲያ እርስዎ እያወቁት ነው እንዲያ ያሉኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬም የለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። ተማሪ «እጄን ያመኛል» ሲለኝ፣ ራጁ ምን አለ ብዬ ከመጠየቄ በፊት መቼና ምን ሲሠራ እንደሚያመው እጠይቃለሁ፤ ሐኪም እንዲያየው እልካለሁ፤ እስከዚያው ተጨማሪ የፈተና ጊዜ እሰጣለሁ። ይህ የአንድ መምህር በጎ ፈቃድ ሆኖ ከሚቀር የየፋኩልቲው ደንብ ሆኖ ቢጻፍ እመኛለሁ። እናንተም አንባብያን፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ጓደኛችሁ ሕመሙን ሳይሸሽግ ቢነግራችሁ፣ ምስሉን ሳይሆን ሰውዬውን እመኑ።