የጀልባውም ጉልበት ይመርመር!

የቼልሲ ደጋፊ ክርክር ሲከብደው የመጨረሻ ጥይቱ የሮማን አብራሞቪች ጀልባ ነበር። አርሰናልን ስለ ዋንጫ ሲጠይቁት ስለ ኳስ ቅብብል ያወራል፣ ቼልሲን ስለ ኳስ ቅብብል ሲጠይቁት ደግሞ ስለ ሰውዬው መርከብ! ቦሌም ይሁን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጉንደ ወይን፣ ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ ይህ ጨዋታ የተለመደ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ በ2022 ክለቡን ተሰናብቷል። በደጋፊው ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ሥዕል ግን አልተሰናበተም፤ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ጀልባ የቢሊየነር ዕቃ ነው የሚለው።

ነገሩ እንዲያ አይደለም። ዛክ ሰንደርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ልጅ ገና በ16 ዓመቱ ካጠራቀመው ገንዘብ 6,500 ዶላር ከፍሎ ያገለገለ ባለሸራ ጀልባ ገዛ። እ.ኤ.አ በ1972 የተሠራ፣ 36 ጫማ (11 ሜትር ገደማ) ርዝመት ያለው፣ በዕድሜ ገዢውን ሁለት ጊዜ የሚበልጥ ጀልባ ነው። በጁን 2008 ከካሊፎርኒያ ተነሳ፤ ብቻውን ዓለምን ዞሮ በጁላይ 2009 በ17 ዓመቱ ተመለሰ። 18 ዓመት ሳይሞላው ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በዚያ ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ደህና ቪትዝ እንኳ አይገኝም!

ይህን አንብቦ አሜሪካ ላለ ዘመዱ ለመደወል ስልኩን ያነሳ ካለ ግን ትንሽ ይታገስ። የልጁ አባት ጀልባ ሠሪ ነው። ዛክ የገዛው አሮጌ ጀልባ ቢሆንም ቤቱ ውስጥ ሐኪም ነበረው። የ6,500 ዶላሩን ወሬ የሚያወሩ ሰዎች ይህቺን ነገር ይዘሏታል።

ኳስ አፍቃሪ ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በ2000 ማንቼስተር ዩናይትድ ሩድ ቫን ኒስትልሮይን ከፒኤስቪ ሊወስድ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ሐኪሞቹ ጉልበቱን አይተው አመነቱና ዝውውሩ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ዩናይትድ ታክሞ እስኪድን ጠብቆ በ2001 በ19 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ያገባውን ጎል ደጋፊው ያውቀዋል። ያ ምርመራ ባይኖር ኖሮስ?

ጀልባም እንዲሁ ነው። ቀለሙ አዲስ፣ ሸራው ነጭ፣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው ሆኖ ሊያማልል ይችላል። መርማሪው ግን አልጋውን አያይም። ትንሽ መዶሻ ይዞ አካሉን ስንዝር በስንዝር ኳ ኳ ያደርጋል። ጎጃም ገበያ ላይ ጋን የምትገዛ ሴት በጣቷ መትታ እንደምታዳምጠው ማለት ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ውኃ ገብቶታል ወይም ተላቋል። ቀጥሎ ምሰሶውን ወጥረው የያዙትን የብረት ገመዶች ይመለከታል። እነዚህ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ካገለገሉ ብዙ ባለሙያዎች ይቀየሩ ይላሉ፤ ላያቸው ያብለጨልጫል፣ ሥራቸው ግን በልቷል። የገመድ ነገር ለዚያ አካባቢ ሰው አይነገረውም! ሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከፈረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2002 እስኪጠገን ድረስ ሰው ዓባይን በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እዚያ ገመድ ሳያይ የሚንጠለጠል ሞኝ የለም።

ትልቁ ጣጣ ያለው ከሥር ነው። ጀልባው እንዳይገለበጥ የሚይዘው ከታች የታሰረው ከባድ ብረት ነው። ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ የተጠገነ ከሆነ ሻጭ አፉን ሞልቶ አይናገርም። በሜይ 2014 "ቺኪ ራፊኪ" የተባለችው የእንግሊዞች ጀልባ አትላንቲክ መሐል ይህ ብረቷ ወልቆ ተገለበጠች፤ አራት መርከበኞች አለቁ። ከ2006 ወዲህ ብቻ ያገለገለች ጀልባ ነበረች። በኋላ በተደረገው ምርመራ ቀደም ብላ ከመሬት ጋር መጋጨቷና በዚያው ቦታ መጠገኗ ታውቋል። እንግዲህ ዕድሜ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የ1972ቱ ዓለምን ዞረ፣ የ2006ቷ መንገድ ላይ ቀረች።

ሌላ ያገለገለ ጀልባም አለ፤ ለእኛ ልጆች የሚቀርበው እሱ ነው። ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ የመን የሚያሻግረው ደላላ አካሉን ኳ ኳ አድርጋችሁ እዩ አይልም፤ ከአቅሙ በላይ ጭኖ ይለቃል። በኦገስት 2025 የመን አብያን አጠገብ በሰጠመው ጀልባ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ተሳፋሪዎቹ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያንን ጉዞ ስፖርት ብሎ የሚጠራ የለም። ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው።

"ባሕር የሌለው ሀገር ምን አገባው?" የሚል ይኖራል። ስዊዘርላንድስ ባሕር አላት እንዴ? አሊንጊ የተባለው ቡድኗ በ2003 የአሜሪካ ካፕን ኒውዚላንድን በሜዳዋ ኦክላንድ ላይ 5 ለ 0 ረትቶ ወሰደ፤ በ2007ም ደገመው። የ2003ቱ መሪ ራስል ኩትስ ኒውዚላንዳዊ ነው፤ ሮይ ኪን አርሰናል ገብቶ ኦልድትራፎርድ ላይ አምስት ያገባ ያህል ቁጠሩት። የተገዛ ተጫዋች ነው ቢባልም፣ ስዊዞች ከሸራ ጋር የተዋወቁት በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ነው። ጣና ከዚያ ሐይቅ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ዋና መቻልና ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ነው፤ የውቅያኖሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ያኔም ቢሆን መግዣው ብቻ አይደለም ወጪው። በባለቤቶቹ ዘንድ በየዓመቱ ከዋጋው አሥር በመቶ ለጥገናና ለማቆሚያ ይወጣል ይባላል፤ ርካሹና አሮጌው ደግሞ ከዚህም በላይ ይበላል። ነፃ ዝውውር ብሎ አምጥቶ በሳምንት ደመወዝ እንደሚያደርቅ አጥቂ! ለመርማሪው የሚከፈለው ግን አንድ ጊዜ ነው። እሱንም ገዢው ራሱ ይቅጠር፤ ሻጩ "እኔ የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ" ካለ፣ የዩናይትድን ሐኪም ፒኤስቪ መረጠለት ማለት ነው።