ደጋኑና ብሩሹ

ሥዕል የሚወድ ወጣት ከጃፓኑ ባህላዊ ቀስት ውርወራ፣ ከኪዩዶ፣ ለእጁ ትምህርት ሊወስድ ይችላልን? ወይስ ነገሩ ከሌላ እምነት ጋር የተጣበቀ ነውና ይራቀው?

የኪዩዶ ደጋን ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ዒላማው 36 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲኖረው 28 ሜትር ርቆ ይቆማል። ጀማሪ ግን ወደዚያ አይወረውርም። አጠገቡ በተቀመጠ የጭድ ጥቅል ላይ ይለማመዳል፤ እዚያ መሳት ስለሌለ የሚታረመው አቋሙና አለቃቀቁ ብቻ ነው። (በሉህ ላይ ያንኑ ፊደል እየጻፍንና እያጠብን ያደግን ሁሉ ይህ አይጠፋንም።) ከ8ቱ የውርወራ ደረጃዎች የመጨረሻው ፍላጻው ከሄደ በኋላ ሳይነቃነቁ መቆየት ነው።

ጀርመናዊው የፍልስፍና መምህር ኦይገን ሄሪገል እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1929 በሰንዳይ ከተማ ሲያስተምር ኪዩዶን ከመምህር አዋ ኬንዞ ተማረ። ባለቤቱ ጉስቲም በዚያው ጊዜ ሥዕልና የአበባ አደራደር ተማረች። በጃፓን የጥቁር ቀለም ሥዕል ወረቀቱ ቀለሙን ወዲያው ይመጣል፤ የተሳለ መስመር እንደ ተለቀቀ ፍላጻ አይመለስም፣ አይታረምም። ስለዚህ ብሩሹ ወረቀት ሳይነካ በፊት ትከሻው፣ ትንፋሹና ዓይኑ መሰናዳት አለባቸው። ደጋኑ ለሠዓሊ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሄሪገል በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ኪዩዶን ከዜን ቡድሂዝም ጋር አንድ አድርጎ አቀረበ። ይሁንና ጃፓናዊው ተመራማሪ ያማዳ ሾጂ በ2001 ባወጡት ጥናት አዋ ራሳቸው በዜን ሥርዓት የሠለጠኑ እንዳልነበሩ አሳይተዋል። ሄሪገልም ያን ሁሉ ዓመት ተለማምዶ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል፤ ልምምዱ ከዚያ አላዳነውም። የእጁ ሥልጠና ሌላ፣ እምነቱ ሌላ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በብዙ የልምምድ አዳራሾች ግን ትንሽ የሺንቶ መቅደስ ግድግዳ ላይ ይኖራል፤ ተለማማጆችም ወደዚያ ያጎነብሳሉ። በዚህ አንደራደርም። በውጭ አገር ያላችሁ ወላጆች ልጅ ከማስመዝገባችሁ በፊት አዳራሹን ገብታችሁ እዩ፣ መምህሩንም በግልጽ ጠይቁ።

ሥዕሉን ለሚሻ ደግሞ ደጋን መያዝ ግድ አይደለም። ሠዓሊው ጆርጅ ብራክ የሄሪገልን መጽሐፍ ለፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ሰጠው፤ እሱም ስለ ፎቶ አነሳስ እንደተጻፈ አድርጎ አነበበው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ካሜራውን አብዛኛውን ጊዜ አስቀምጦ በእርሳስ ወደ መሳል ተመለሰ።