የሕገ መንግሥት ትርጉም ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው ለሕዝብ ይድረሱ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ



የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 የመተርጎም ሥልጣኑን ለመደበኛ ፍርድ ቤቶች ሳይሆን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ለሚገኙበት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሰጠው፣ ሰነዱ የእነዚህ ወገኖች ቃል ኪዳን ነው ከሚል እሳቤ ነው። የምርጫው ተገቢነት ዛሬም ያከራክራል፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ግን ምርጫው ያስከተለው ግዴታ ነው። የበታች ፍርድ ቤት ዳኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ያሰፍራል፣ ፍርዱም በይግባኝ ይመረመራል፤ ከምክር ቤቱ በላይ ግን ይግባኝ ሰሚ ስለሌለ የትርጉሙን ጥንካሬ ሊመዝን የሚችለው አንባቢው ሕዝብ ብቻ ነው።

ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ የዚህን ሥልጣን በጎ ፍሬ ያሳያል። በአንድ የውርስ ክርክር ተከሳሾቹ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አለመፍቀዳቸውን ቢገልጹም ጉዳያቸው በዚያው ታይቶ ተፈረደባቸው፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም ስህተት የለበትም አለ። ምክር ቤቱ ግን አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ መሆኑን አስረግጦ ፍርዱን ሻረ። ይህ ትርጉም ፈቃዱ ሳይጠየቅ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ፊት ለሚቆም ሰው ሁሉ ጋሻ ነው፤ ጋሻነቱ ግን የሚሠራው ባለጉዳዩ፣ ጠበቃውና ዳኛው ውሳኔው መኖሩን ሲያውቁ ነው።

ከዚህ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነው ውድቅ የተደረጉት አቤቱታዎች ዕጣ ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ ማለትም በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚመራውና አቤቱታዎችን አጣርቶ ለምክር ቤቱ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርበው ባለ 11 አባላት አካል፣ ትርጉም አያስፈልግም ሲል ጉዳዩ በአብዛኛው እዚያው ያበቃል። የግንቦት 1997ቱ ምርጫ እንደተጠናቀቀ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ ሲከለከል የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ የሆነው ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ እገዳውን በመቃወም ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ ጉባኤው መራው፣ ጉባኤውም የሕገ መንግሥት ትርጉም አያሻውም አለ። በአንቀጽ 30 የተረጋገጠው የመሰብሰብ መብት ወሰን በዚያን ጊዜ ተሰምሯል፤ ውድቅ ማድረግም ትርጉም ነውና። የመብቱ ባለቤት ደግሞ ወሰኑ የት እንደተሰመረና ለምን እንደሆነ የማንበብ መብት አለው።

በአንጻሩ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የሕግ ትርጉሙን በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ካደረገው ወዲህ፣ ውሳኔዎቹን በተከታታይ ቅጾች እያሳተመ ነው። የሕፃናትን ጥቅም ከሁሉ ያስቀደመው የ2000 ዓ.ም. ውሳኔ፣ የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632፣ በጠበቆችና በሕግ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው ስለታተመ ነው። የምክር ቤቱም ውሳኔ ወደፊት በሚነሱ ተመሳሳይ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚ እንደሚሆንና በልዩ ኅትመት ይፋ እንደሚደረግ በ1993ቱ አዋጅ ቁጥር 251 ተደንግጎ ነበር፤ የሕገ መንግሥታዊ ውሳኔዎች መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽም በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ወጥቷል። በግንቦት 2012 ዓ.ም. የአገር አቀፉ ምርጫ መራዘም ሲመረመርም አጣሪ ጉባኤው የባለሙያዎችን አስተያየት በቴሌቪዥን በይፋ ማድመጡ ግልጽነት የሚቻል መሆኑን በተግባር አሳይቷል።

ስለዚህ ምክር ቤቱ የራሱን ውሳኔዎችና የአጣሪ ጉባኤውን ውድቅ የማድረጊያ ምክንያቶች፣ የልዩነት ሐሳብ ሲኖርም ከነልዩነቱ፣ በተወሰነ የጊዜ ገደብ ውስጥ በሙሉ ቃላቸው እንዲያሳትም፣ ለክልል ፍርድ ቤቶችና ለሕግ ትምህርት ቤቶችም እንዲያደርስ በአክብሮት ይጠየቃል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛልና ይህ አዲስ ሕግ ማውጣትን የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። በቤተሰብና በውርስ ጉዳዮች የግለሰቦች ምስጢር የሚያሳስብ ከሆነ የተከራካሪዎቹን ስም አስቀርቶ ምክንያቱን ብቻ ማተም ይቻላል፤ ሥራውም በአጣሪ ጉባኤው መዝገብ ቤት ከሚገኙት የቆዩ ውሳኔዎች ሊጀመር ይችላል።