ቦቴው ከሄደ በኋላ

ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በተነሣ ቁጥር በግቢያችን ሁለት ዓይነት ክርክር እንሰማለን። አንደኛው ወገን «እነዚህ ድርጅቶች ባይኖሩ ሕዝባችን በውሃ ጥም ባለቀ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን ሥራ እየሠሩ መንግሥትን ያሰነፉት እነርሱ ናቸው» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲመረቁ ከነዚሁ ድርጅቶች በአንዱ ለመቀጠር ማመልከቻ በመጻፍ ነው። እኛ ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ነገር ከሁለቱም ወገን ፈንጠር ያለ ነው። ድርጅቶቹ ስንት ቦቴ ውሃ አመላለሱ ብለን አንጠይቅም። መንግሥት ከነርሱ ምን ተማረ፣ የተማረውስ በመዝገቡና በሕጉ ገብቶ ቀርቷልን? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ጥያቄውን ዛሬ ለማንሣት ያስገደደን ነገር ለማንም ስውር አይደለም። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት አገደ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ ደግሞ ዩኤስኤይድ የተባለው የርዳታ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን አቆመ። በአገራችን የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። ከእኛ ቀድመው ከተመረቁት ጓደኞቻችን መካከል፣ ትናንት በላንድ ክሩዘር ሲመላለሱ የነበሩ፣ ዛሬ በጅጅጋ ሻይ ቤቶች ተቀምጠው የሥራ ማስታወቂያ የሚጠባበቁ አሉ። እንግዲህ ገንዘቡ ሲሄድ የሚቀረው ምንድን ነው?

ሐርተሼክን የሚያውቅ ሰው ከመልሱ ግማሹን ያውቃል። በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በዚያ ሠፈረ። በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ የሚበልጥ ሰው ስለነበረበት በዓለም ካሉት ሁሉ ትልቁ የስደተኞች ሠፈር እስከ መባል ደረሰ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ በቦቴ ይጓጓዝ ነበር። ስደተኛው ወደ አገሩ ተመልሶ ሠፈሩ በ1996 ዓ.ም. ሲዘጋ ቦቴዎቹም ሄዱ፤ አገሩ ግን እንደ ድሮው የዝናም ውሃ በበርካ የሚጠራቀምበት አገር ሆኖ ቀረ። በቦቴ የመጣውን ውሃ አንንቅም፤ የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። በቦቴ የመጣ ነገር በቦቴ እንደሚሄድ ግን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻውም።

ከዚህ የተለየ ሥራ እዚሁ ጅጅጋ ውስጥ ተሠርቷል፤ ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቀድሞ የረሀብ ማስጠንቀቂያ ሥራ የተሰፋው በደጋው ገበሬ ልክ ነበር። ዝናሙ ምን ያህል ዘነመ፣ ማሳው ምን ያህል ሰጠ፣ ስለዚህ ስንት ኩንታል ጎደለ ተብሎ ይሰላል። ይህ ስሌት ዘርቶ በሚያጭድ አገር ያስኬድ ይሆናል። ግመልና ፍየል እየነዳ ከውሃ ወደ ውሃ ስለሚዞር ቤተሰብ ግን የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ከክልሉ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ቢሮ ጋር ሆኖ የሶማሌን ክልል በአኗኗር ቀጠና ከፋፈለው። ባለሙያዎቹ ከድኻውም፣ ከመካከለኛውም፣ ከባለጸጋውም ቤተሰብ ጋር ተቀምጠው፣ በደኅና ዓመት ምን ትበላላችሁ፣ ከየትስ ታገኙታላችሁ፣ ስንት ፍየል ትሸጣላችሁ፣ በገንዘቡ ምን ትገዙበታላችሁ እያሉ ጠየቁ። መልሱም በቁጥር ሰፈረ።

ከዚህ የተገኘው እውነት ለአርብቶ አደሩ ልጅ አዲስ አይደለም፤ ለጽሕፈት ቤቱ ግን አዲስ ነበር። አርብቶ አደሩ በወተትና በሥጋ ብቻ አይኖርም፤ ከብት ሸጦ እህል፣ ስኳርና ሩዝ ይገዛል። እንግዲያው የአንድ ፍየል ዋጋ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል የሚለው ጥያቄ ከዝናሙ የሚያንስ አይደለም። ይህ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ የሳውዲ ዓረቢያ እገዳ አሳይቶናል። በመስከረም 1993 ዓ.ም. የሳውዲ መንግሥት የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሚባለው በሽታ ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡትን የቁም እንስሳት ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ከሐርተሼክና ከቶግ ውጫሌ ተነሥተው በበርበራ ወደብ ይሻገሩ የነበሩት በጎችና ፍየሎች ዋናው ገበያቸው ተዘጋባቸው። ሰማዩ ቢዘንብ፣ ሣሩ ቢበቅል እንኳ ፍየሉን የሚገዛው ያጣ ቤተሰብ ይራባል። ዝናም ብቻ የሚለካ መሥሪያ ቤት ይህን ረሀብ ከቶ አያየውም።

ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የፌዴራሉ መንግሥት ይህንኑ አቆጣጠር ተቀብሎ ወደ ሌሎቹም ክልሎች አስፋፋው። በመላው አገሪቱ ከ170 በላይ የአኗኗር ቀጠናዎች ተለዩ፤ የዝናም ወቅት ባለፈ ቁጥር የሚደረገው የርዳታ ፍላጎት ግምትም በዚሁ ላይ መመሥረት ጀመረ። ብዙ ጊዜ ደንብና መመሪያ ከአዲስ አበባ ወደ ጅጅጋ ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ግን በጅጅጋ የተሞከረው ነገር ወደ አዲስ አበባ ወጣ። እኛ በበኩላችን በዚህ መኩራት ይገባናል እንላለን።

ነገር ግን ቁጥር እንደ በርካ ነው፤ ካልጠረጉት ይደፈናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ስፍር ቁጥር የሌለው ከብት አልቋል። ከመንጋው ተለይቶ ወደ ከተማ የገባው ሕዝብም ብዙ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት «መካከለኛ» የተባለው ቤተሰብ ዛሬ መካከለኛ ላይሆን ይችላል። አሮጌውን ቁጥር ማን ያድሰው? የውጭው ገንዘብ ሲቀንስ ሥራው የክልሉ መሥሪያ ቤቶችና፣ በነዚያ መሥሪያ ቤቶች ነገ የምንቀመጠው የእኛ ነው።

ወደ ሰሜን ወደ ሲቲ ዞን ብንሻገርም እንዲሁ ያለ ነገር እናገኛለን። ዞኑ ሽንሌ ይባል በነበረበት ዘመን፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ሴቭ ዘ ችልድረንና ተፍትስ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሽንሌና በሊበን ዞኖች ስለ ሕፃናት ምግብ ጥናት አደረጉ። እናቶቹን፣ ልጆቻችሁ በጅላል ለምን ይከሳሉ ብለው ጠየቋቸው። መልሱ አጭር ነበር፤ ወተት ስለሚጠፋ። በበጋ መንጋው ሣር ፍለጋ ርቆ ይሄዳል፤ ከቤት የሚቀሩት ሕፃናት ከወተቱ ይለያያሉ። ቀጥሎ በተደረገው ሙከራ ጥቂት የሚታለቡ እንስሳት ከቤት አጠገብ እንዲቀሩ ተደርጎ መኖና ሕክምና ቀረበላቸው፤ ሕፃናቱም በክፉው ወቅት ወተት ሳይቋረጥባቸው ሰውነታቸው በተሻለ ሁኔታ ቆየ። እናቶቹ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም። ጥናት ያስፈለገው ከከሱ በኋላ የሕክምና ምግብ ለመግዛት በጀት ለሚይዘው ሰው ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2000 ዓ.ም. የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር፣ በድርቅ ጊዜ ለአርብቶ አደሩ እንስሳት ስለሚደረገው ርዳታ አንድ አገር አቀፍ መመሪያ አውጥቶ ነበር። መመሪያውን በማዘጋጀቱ ሥራ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ጋር አብረው ተካፍለዋል። በድርቅ ጊዜ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብትም ይረዳል የሚለው አሳብ በመንግሥት ማኅተም ወጥቶ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

አገር በቀሎቹንም አንርሳ። ፊልቱ ከእኛ በጣም ሩቅ ናት፤ ቢሆንም የዚሁ ክልል ከተማ ናትና እናነሣታለን። ጥር 17 ቀን 1991 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአርብቶ አደሮች ቀን በዚያች ከተማ ተከበረ፤ ያሰናዳው መንግሥት ሳይሆን በአርብቶ አደሮች ጉዳይ ላይ የተቋቋመ አገር በቀል ማኅበር ነበር። በኋላ መንግሥት በዓሉን የራሱ አደረገው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ስለ አርብቶ አደሮች ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአርብቶ አደር ልማት ፖሊሲና ስትራቴጂ በሰላም ሚኒስቴር አማካይነት ወጣ። በነገራችን ላይ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የግጦሽ መብታቸውን ሲያረጋግጥ የሚጠራቸው «ዘላኖች» ብሎ ነው። ዛሬ ይህን ቃል በመንግሥት ደብዳቤ ላይ የሚጽፍ ጸሐፊ ቢገኝ አለቃው ያርመዋል። ቃል መለወጥ ሆድ አይሞላም የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ሰው በሚጠራበት ስም ልክ በጀት ሲመደብለት አይተናል።

ይህን ሁሉ ስንናገር፣ ሥራው በር የተዘጋበት ዘመን እንደ ነበር መርሳት አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በግጭት አፈታትና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ስለ ሕፃኑ ረሀብ መናገር ተፈቀደ፤ ስለ ሕፃኑ መብት መናገር ግን በአገር ውስጥ ገንዘብ ብቻ ለሚተዳደሩ ማኅበራት ተተወ። እንደ እኛ ባለ ክልል ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል? በመላው አገር የደረሰውን ለመረዳት የኢትዮጵያ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ማስታወስ ይበቃል። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ ያለበት የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንዲወጣ አጥብቆ የታገለ ማኅበር ነበር፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ የባንክ ሒሳቡ ታገደ። ይህ ሕግ የተሻረው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

በጅጅጋ ተቀምጦ ሌላውን ነገር አለማንሣት ነውር ይሆናል። በዚህችው ከተማ «ጄል ኦጋዴን» ይባል በነበረው ወህኒ ቤት የተፈጸመው ግፍ ለብዙ ዓመታት በሹክሹክታ ብቻ ይወራ ነበር። የአገር ውስጥ ማኅበራት አፋቸው ተይዞ ሳለ፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የውጭ ድርጅት 70 የቀድሞ እስረኞችን ጨምሮ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎችን አነጋግሮ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሪፖርቱን አወጣ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ የክልሉ ፕሬዚዳንት አቶ አብዲ ሞሐመድ ዑመር ከሥልጣናቸው ወረዱ፤ ወህኒ ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። የዘጋው ያ ሪፖርት ብቻ ነው ብለን አንዋሽም፤ በመላው አገሪቱ የፖለቲካው ነፋስ ተለውጦ ነበር። ይሁን እንጂ ለውጡ ሲመጣ፣ የተጻፈ ምስክርነት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል። ያልተጻፈ ግፍን መካድ እንዴት ቀላል እንደ ሆነ በዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ድርጅቶቹን ብቻ ስናመሰግን ግን ዝም ብለን የምናልፈው ነገር እንዳይኖር። ማን መረጣቸው? ለማንስ ይመልሳሉ? ለአርብቶ አደሩ ሳይሆን ገንዘቡን ለሰጣቸው ሰው ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ሪፖርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎች በዕረፍት ጊዜ በቀን አበል እየተቀጠሩ ለመጠይቅ ሥራ ገጠር ወጥተዋል፤ ያዩትን ያውቃሉ። እናቲቱ ሕፃን አቅፋ፣ ሥራዋን ትታ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ ወተቷና ስለ ዕዳዋ ትመልሳለች። መልሷ በመዳፍ በምትያዝ ማሽን ገብቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ተባለ አትሰማም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ድርጅት መጥቶ ያንኑ ይጠይቃታል። አንዳንዴም እኛው ነን የምንመለሰው። መንግሥት ሕዝቡን አልሰማም ብሎ የሚከስስ ድርጅት የራሱን ጥናት ለጠየቃቸው ሰዎች ሳያሰማ ከቀረ፣ ክሱ ግማሽ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ አንድ አሳብ እናቀርባለን። ተማሪዎቻችንን ለመጠይቅ ሥራ የሚቀጥር ማንኛውም ድርጅት፣ ጥናቱ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን እንዲሰጥ፣ የጥናቱንም አሳጥሮ በሶማልኛና በአማርኛ ለተጠየቁት ቀበሌዎች እንዲያደርስ አስቀድሞ በጽሑፍ ቃል ይግባ። ቃል ካልገባ ማኅበሩ የተማሪዎችን ስም ዝርዝር አይስጠው። መምህራኖቻችን ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት ሲሰጡን፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተጠኑት የጅጅጋ ዙሪያና የሲቲ ቀጠናዎች ዛሬ ምን እንደሚመስሉ የሚመረምር አርእስት ቢጨምሩልን እንወድዳለን። የአበሉ ገንዘብ ያስፈልገናል፤ ይህን የሚክድ የለም። አበሉን የተቀበለ ተማሪም ቢሆን የመጠየቅ መብት አለው።

አንዳንድ መምህራን በቤታቸው ያስቀመጧቸውን የቆዩ ጥናቶች ሊሰጡን ፈቅደዋል። በሶማልኛ ተርጉሞ ለማሳጠር ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ከጠቅላላ ስብሰባው በፊት ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ፤ ለጽሑፍ የሚሆን ወረቀት ከማኅበሩ ይሰጠዋል።